ትተውት ያልተዋቸው መድኃኒት

ጋሽ ዓለምሰገድ መልከ መልካም ሰው ነበሩ፤ ይህንንም ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ስድሳን ተሻግረው እንኳ ኢምባካሲ ካለው የጭነት መጋዘን በር ላይ ቆመው ሲታዩ፣ ዕቃ ሊያወጡ የመጡ ትራንዚተር ሳይሆን መጋዘኑን መርቀው ሊከፍቱ የመጡ ባለሥልጣን ነበር የሚመስሉት። ልብሳቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ጫማቸው የናይሮቢ አቧራ የማይደፍረው ነው። ሥራቸው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚገባውን በርበሬና ሽሮ፣ የሐበሻ ልብስና መጽሐፍ ከጉምሩክ አስለቅቀው ለባለቤቱ ማስረከብ ነበር። ባለቤታቸው እታገኘሁ ደግሞ ሁርሊንግሃም ውስጥ ምግብ ቤት ነበራት። የከተማው ሐበሻ የሚበላበት፣ ከመብላቱም ይልቅ የሚያወራበት ቤት ነው። እሑድ ቀትር ላይ እዚያ የተነገረ ነገር ሰኞ ጠዋት ኢምባካሲ ቀድሞ ደርሶ ይጠብቃቸዋል።

ልባቸው የታመመው እዚያው መጋዘን ውስጥ ነው። በፈረንጆቹ 2003 መጀመሪያ ላይ፣ ከአንድ የጉምሩክ ሠራተኛ ጋር በበርበሬ ጆንያ ሲከራከሩ፣ ልባቸው ልጓሙን እንደበጠሰ ፈረስ ድንገት ጋለበ። ክርክሩን ሳይጨርሱ ጆንያው ላይ ወደቁ። መረታት የማይወዱ ሰው ስለነበሩ፣ ሆስፒታል ነቅተው መጀመሪያ የጠየቁት ጆንያው መለቀቅ አለመለቀቁን ነው።

ሐኪማቸው ዶክተር ኦቲየኖ የሚባል ረጋ ያለ ኬንያዊ ነበር። የልባቸው የታችኛው ክፍል አንዳንዴ ምቱን እንደሚስት፣ ይህ ከተደገመም ላይነቁ እንደሚችሉ ሳይደባብቅ ነገራቸው። አሚዮዳሮን የሚባል ክኒን አዘዘላቸው፤ መጀመሪያ በብዛት፣ ኋላ በቀን አንድ። ክኒኑ ሠራ። ሦስት ዓመት ሙሉ ልባቸው አንድም ቀን አላስቸገራቸውም።

ያስቸገራቸው ፊታቸው ነው። ሐኪሙ ገና ከጅምሩ ይህ መድኃኒት ከፀሐይ ጋር እንደማይስማማ፣ ባርኔጣ ማድረግና እጅጌያቸውን መሸፈን እንዳለባቸው አስጠንቅቋቸው ነበር። ጋሽ ዓለምሰገድ ግን ባርኔጣ ፀጉር ለሌለው ሰው የተሠራ ነገር ነው ብለው ያምናሉ። የኢምባካሲ ፀሐይም እምነታቸውን አላከበረላቸውም። በሦስተኛው ዓመት አፍንጫቸውና ጉንጫቸው እየጠቆረ፣ ከዚያ ወደ አመድማ ሰማያዊነት እየዞረ ሄደ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ አንዲት ሴት ብርድ መትቷቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ሌላ ሰው ደግሞ፣ በጨዋ ደንብ ወደ ጎን ወስዶ፣ መጠጡን ቀነስ ቢያደርጉት እንደሚሻል መከራቸው። ጋሽ ዓለምሰገድ ከጠበል ጠላ በቀር ቀምሰው አያውቁም። ጥፋቱን ሁሉ በክኒኑ ላይ ጣሉ።

እታገኘሁ በየቀኑ ምሳ ላይ ክኒኗን በሻይ ማስቀመጫ ሳህን አድርጋ ከፊታቸው ታኖራለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሽ ዓለምሰገድ ክኒኗን ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ ውሃቸውን ጠጥተው፣ በጨዋታ መሀል ወደ ኪሳቸው መክተት ጀመሩ። ማታ አሮጌ ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ያጠራቅሟታል። በመጀመሪያው ሳምንት ሌሊቱን ሁሉ ልባቸውን ሲያዳምጡ አደሩ። ልባቸው እንደ ስዊስ ሰዓት ይመታል። በሁለተኛው ሳምንትም እንደዚያው። ባዶ ሜዳ ላይ መቆም ደስ ስላላላቸው ግን በክኒኑ ፈንታ አንድ ነገር ለልባቸው መስጠት ፈለጉ፤ እናታቸው ድሮ ለሆድ ድርቀት ይሰጧቸው የነበረው ተልባ ትዝ አላቸው።

የባለምግብ ቤት ባል ሆነው ድስት ከድነው የማያውቁት ሰው፣ በየማለዳው የምግብ ቤቱ ኩሽና ገብተው ተልባ ይቆሉ፣ ያስወቅጡ፣ በሙቅ ውሃ ይበጠብጡ፣ ማር ጠብ ያደርጉ ጀመር። ማንም እንዲያግዛቸው አይፈቅዱም። ሠራተኞቹ በስዋሂሊ ይንሾካሾካሉ፤ እሳቸው ግን በብርጭቆ ሞልተው፣ ቆመው፣ እንደ ቁርባን በጥሞና ይጠጣሉ።

ወር ካለፈ በኋላ ምስጢሩን መያዝ አቃታቸው። እሑድ፣ ምግብ ቤቱ ሞልቶ ሳለ፣ እታገኘሁ ክኒኗን ስታቀርብላቸው ሳህኑን በጣታቸው ገፋ አድርገው ክኒን ከተዉ መክረማቸውን፣ ልባቸውን የያዘው ተልባ መሆኑን ሁሉም እንዲሰማ ተናገሩ። እታገኘሁ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥላ ተቆጣች፣ ለዶክተሩ እንደምትደውል ዛተች። ነገር ግን ሰውየው ከፊቷ ቆመዋል፤ አላበጡ፣ አልከሱ፣ አልደከሙ። የሚቆጡበት ነገር ሲጠፋ ቁጣ ብዙ አይቆይም። «እንዲያው የሚሆንህን አንተ ታውቃለህ» ብላ ሳህኑን አነሳችው።

ወሬው ተናኘ። ጋሽ ዓለምሰገድ በተልባ ዳኑ ተባለ። የስኳር በሽተኛው፣ የደም ግፊት ያለበት፣ ጉልበቱን የሚያመው ሁሉ እየመጣ እንዴት እንደሚቆላ፣ ውሃው ምን ያህል መሞቅ እንዳለበት ይጠይቃል። እሳቸውም ምክሩን በነፃ፣ በሰፊው ይሰጣሉ። እታገኘሁም የሰው ጥያቄ ሲበዛባት ተልባውን የምግብ ዝርዝሩ ላይ አስገባችው። ለፊታቸው ግን ተልባው ገና አልደረሰለትም ነበር። ቀለሙ እንዳለ ነው። ቀስ እያለ ይለቃል አሉ።

በዚያው ሰሞን የንባብ መነጽር ሊያሠሩ ከተማ መሀል ወዳለች አንዲት የዓይን ሐኪም ሄዱ። ሐኪሟ አገጫቸውን በመሣሪያው ላይ አስደግፋ፣ ብርሃን እያበራች ዓይናቸውን በአጉሊ መነጽር ስትመለከት ቆየችና የልብ መድኃኒታቸው አሚዮዳሮን መሆኑን ጠየቀቻቸው። ከየት እንዳወቀች ግራ ገባቸው። የዓይናቸው ፊተኛ ስስ ሽፋን ላይ መድኃኒቱ እንደ ድመት ጢም ቀጫጭን መስመር አውጥቶ መቀመጡን፣ ለእይታ ብዙም እንደማያሠጋ አስረዳቻቸው።

«እኔ እኮ መውሰድ ካቆምኩ ቆይቻለሁ» አሏት።

«ዓይንዎ ግን እየወሰድኩ ነው የሚለው» አለች ሐኪሟ፣ ፈገግ ብላ።

ሌላ ሰው ቢሆን ከዚያች ቃል ላይ ቆም ብሎ ባሰበ ነበር። ጋሽ ዓለምሰገድ ግን ምግብ ቤቱ ሄደው ቀልድ አደረጉት። ሐኪም ማለት የወሰደና ያልወሰደ ሰው መለየት የማይችል ሰው ነው እያሉ፣ የሴትዮዋን አነጋገር እያስመሰሉ ተናገሩት። ሰዉ ሳቀ። በጣም ከሳቁት አንዱ ዘርይሁን ነበር።

ዘርይሁን በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ፣ ሩንዳ በሚባለው የሀብታም ሰፈር ግቢው ሰፊ፣ መንፈሱ ጠባብ ያልሆነ ሰው ነው። ለልብ ምቱና ለደም ግፊቱ እሱም ክኒን ይወስዳል፤ ሐኪሙም ያው ዶክተር ኦቲየኖ ነው። ጋሽ ዓለምሰገድን እንደ ታላቅ ወንድሙ ነው የሚያያቸው። ዐርብ ዕለት ክኒኑን ሁሉ አንድ ላይ አቆመ፣ ተልባውን ቆላ። ሰኞ ቢሮው ውስጥ ልቡ ድው ድው ይል ጀመር። ማክሰኞ ደረቱን ይዞ፣ በላብ ተጠምቆ፣ የልብ ሕሙማን ክፍል ተኛ።

ጋሽ ዓለምሰገድ ሊጠይቁት ሄዱ። ብርቱካን በፌስታል ይዘው፣ ወንበር ስበው አልጋው አጠገብ ተቀመጡና ከእግዜር ይማርህ ቀጥለው የጠየቁት ስለ ተልባው አቆላል ነው። ዘርይሁን በደከመ ድምፅ በእሳቸው አኳኋን እንደቆላው ነገራቸው። ማሩንስ? ማር አድርጓል። እንግዲያው ችግሩ ከእምነቱ ይሆናል ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በግማሽ ልብ የተጠጣ ነገር እንዴት ልብን ያድናል?

ዶክተር ኦቲየኖ በር ላይ ቆሞ ይሰማቸው ነበር። አማርኛ ባይገባውም «ተልባ» የምትለዋን ቃል በሁለት ቀን ውስጥ ከዘርይሁን ሚስት ደጋግሞ ሰምቷታል። ጋሽ ዓለምሰገድን በትሕትና ጤንነታቸውን ከጠየቀ በኋላ፣ አፍታ ወደ ምርመራ ክፍል እንዲገቡ ለመናቸው። እሳቸውም ተልባቸውን በሳይንስ የማስመስከር ዕድል የመጣላቸው መስሏቸው ሸሚዛቸውን በደስታ አወለቁ። ሐኪሙ ደረታቸው ላይ ሽቦ ለጣጥፎ የልባቸውን ምት በወረቀት አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላቸው።

«ክኒኑን ከተዉ ምን ያህል ጊዜ ሆነዎት፣ ምዜ?» አላቸው፣ በስዋሂሊ «አባባ» እንደ ማለት።

«ሦስት ወር አልፎኛል። ይኸው ቆሜያለሁ።»

«አዎ፤ በመድኃኒቱ ነው የቆሙት» አለና በእርሳሱ ጫፍ ወረቀቱ ላይ አንዱን ኩርባ ነካ። «ይህ ቦታ የረዘመው መድኃኒቱ ለጥጦት ነው። መድኃኒቱ የሌለበት የእርስዎ ልብ እንዲህ አይጽፍም።»

ከዚያ ቁጭ ብሎ አስረዳቸው። ክኒኑ ጉበት ሲደርስ ጉበት ከላዩ ጥቂት ቆርጦ ሌላ ነገር ያደርገዋል። አብዛኛው መድኃኒት እንዲህ ሲቆረጥ ጉልበቱን አጥቶ ይወጣል። የእሳቸው ክኒን ግን ተቆርጦም አይደክምም፤ ከእሱ የሚወለደው ነገር ራሱ ልብን የሚይዝ መድኃኒት ነው፤ እንዲያውም ከወላጁ ይልቅ ሰውነት ውስጥ መሰንበት ይወዳል። ስብ ውስጥ፣ ሳንባ ውስጥ፣ ቆዳ ውስጥ፣ ዓይን ውስጥ ሳይቀር ይጠራቀማል፤ የሚወጣውም በወራት ነው። የፊታቸው ቀለም ያልለቀቀው ለዚሁ ነው። የዘርይሁን ክኒን ግን ቢውል ቢያድር ከአንድ ቀን አያልፍም፤ ያውም ድንገት ሲያቆሙት ልብ ይደነብራል።

«እርስዎ የመጋዘን ሰው ነዎት» አላቸው። «ዕቃ ማስገባት አቁመዋል። ያለፈው ክምችት ግን እስካሁን እየወጣ ነው። እርስዎ ደግሞ ገበያው ያልተቋረጠው በተልባው ነው ይላሉ።»

ጋሽ ዓለምሰገድ ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ስበው አዩት። ክምችት ምን እንደሆነ የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ ነገሩ ገብቷቸዋል። እንዲገባቸው ግን አልፈለጉም። «እንግዲያው ካለልኝ ለምን እጨምርበታለሁ?» አሉ።

«መቼ እንደሚያልቅ እኔም አላውቅም፣ እርስዎም አያውቁም። ፊትዎ ካሳሰበዎት መጠኑን እንቀንሳለን፤ ካልሆነም ሌላ መንገድ እንፈልጋለን። ነገ ይምጡና በደንብ እናስጀምርዎ።»

ሸሚዛቸውን ቆልፈው ወጡ። በነጋታው አልሄዱም። እንዴት ይሂዱ? ሐኪሙ ቤት የሚገባ ሐበሻ ሁሉ እታገኘሁ ምግብ ቤት ይበላል። ተልባቸውን ሊጠጣ ከሌላ ሰፈር ድረስ የሚመጣ ሰው አለ። በሌላ በኩል ያ ወረቀት ከዓይናቸው አልጠፋም፤ መሪያቸውን ይዘው ሞምባሳ መንገድ ላይ ሲነዱ እንኳ ከፊታቸው ይዘረጋል። ስለዚህ መሀል መንገድ አገኙ። ከአሮጌው ካፖርት ኪስ ያጠራቀሙትን ክኒን አውጥተው፣ እንደ ድሮው በቀን አንድ፣ በድብቅ መዋጥ ጀመሩ። አንድ ሰሞን ክኒን የሚውጡ አስመስለው ይደብቁ የነበሩ ሰው፣ አሁን ደብቀው የሚውጡ ሆኑ። በአደባባይ ተልባቸውን እንደ ወትሮው ቆመው ይጠጣሉ።

ዘርይሁን ድኖ ከሆስፒታል ሲወጣ፣ ቤተሰቡ ሩንዳ ግቢው ውስጥ የምስጋና ምሳ አዘጋጀ። ጥላ ሥር ጠረጴዛ ተዘረጋ፤ ቄሱ ባረኩ፤ ተበላ። ጋሽ ዓለምሰገድ የክብር ቦታ ተሰጥቷቸዋል፤ ዘርይሁን ቂም የሚይዝ ሰው አልነበረም። ምሳው እንዳለቀ፣ ሰው ሁሉ ወደ ዘርይሁን ዞሮ ንግግሩን ሲሰማ፣ ቀስ ብለው ክኒናቸውን ከኪሳቸው አውጥተው በሶዳ ዋጧት። ከጎናቸው የተቀመጠችው ሳምራዊት፣ የዘርይሁን ሚስት እኅት፣ ብቻ አየቻቸው።

ብዙም አልቆየ። ዘርይሁን ስለ እግዚአብሔር ቸርነት ሲናገር ጋሽ ዓለምሰገድ ደረታቸው ውስጥ የሆነ ነገር ሲገለበጥ ተሰማቸው፤ ያ የመጋዘኑ ግልቢያ ነው። በሌላው ጎናቸው ለተቀመጠችው ለእታገኘሁ ሊነግሯት ዞሩ። ፊቷን ሳያዩ ግቢው ጨለመባቸው፤ ከነወንበራቸው ሣሩ ላይ ወደቁ። ዘርይሁን ራሱ አንስቶ መኪናው ውስጥ ከተታቸው፤ እታገኘሁ ራሳቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ ስማቸውን እየጠራች በአቅራቢያው ወዳለው ሆስፒታል አደረሷቸው። ደረታቸውን በኤሌክትሪክ ሁለት ጊዜ መትተው መለሷቸው።

ዶክተር ኦቲየኖ በማግስቱ መጣ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላቸው ነበር። ክኒን መጀመራቸውን ሲነግሩት በሐዘን ፈገግ አለ። በመጀመሪያው ጊዜ በብዛት ያስጀመራቸው ያለ ምክንያት እንዳልነበረ ነገራቸው። ሰውነታቸው ያንን ሁሉ ክምችት ለመያዝ በቀን አንድ ክኒን ብቻ ቢገባለት ወራት ይፈጅበታል፤ የድሮው ሲያልቅ አዲሱ ገና በር ላይ ነበር ማለት ነው። እታገኘሁ የሐኪሙን ንግግር አንድ በአንድ ሰማች። እሱ ሲወጣ ባሏን ትክ ብላ አየቻቸው።

«ለኔ እንኳ መንገር አቃተህ?» አለቻቸው።

እጇን ያዙ፤ አልነጠቀቻቸውም፤ ግን ለብዙ ቀን ሌላ ቃል አላናገረቻቸውም።

ጋሽ ዓለምሰገድ ከአልጋ ሲነሱ የወሰኑት አንድ ነገር ነበር፤ እውነቱን በአደባባይ ሊናገሩ። ሰውን ያሳሳትኩ እኔ ነኝ፣ የምመልሰውም እኔ ነኝ አሉ። እንደ ተሻላቸው እሑድ ምግብ ቤቱ ሞልቶ ሳለ ተነሡ። ክኒናቸውን ከፍ አድርገው አሳዩ። ሦስት ወር ያቆማቸው ተልባ ሳይሆን ያቆሙት ክኒን ልጅ መሆኑን፣ ጉበት እንዴት እንደሚቆርጠው፣ ስብ ውስጥ እንዴት እንደሚከማች፣ ዓይናቸው ውስጥ ሳይቀር እንደታየ፣ ሐኪሙ እንዳስረዳቸው አድርገው አስረዱ። በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን ተጠንቅቀው ተናግረው አያውቁም።

ሰዉ በአክብሮት ሰማቸው። አንዳንዱ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ወደየጠረጴዛው ዞሮ አዘነላቸው።

ነገሩ ለካ ቀድሞ ተፈርዶበት ኖሯል። ሳምራዊት ክኒኗን ሲውጡ በዓይኗ በብረቱ አይታለች፤ ከዋጡ በኋላ ሲወድቁም እሷ ብቻ ሳትሆን ሩንዳ የተጋበዘ ሁሉ አይቷል። ተልባ ሲጠጡ ሦስት ወር ምንም አልነካቸውም። ክኒን በጀመሩ በጥቂት ቀን ተዘረሩ። ለዚህ ደግሞ ምን ምርመራ ያስፈልጋል? ጉበት ይቆርጠዋል፣ ልጅ ይወልዳል፣ ስብ ውስጥ ይደበቃል የሚለው ወሬ ደግሞ ይባስ አስፈራቸው፤ እንዲህ ያለውን ነገር ማን ይውጣል? ሆስፒታሉ ጭንቅላታቸውን አዙሮባቸዋል ተባለ። የተልባው ፈላጊ በዚያ ሳምንት በረከተ። እታገኘሁ ከምግብ ዝርዝሩ ብትፍቀው ሰዉ ወደ ጎረቤት ምግብ ቤት ሄዶ አዘዘ፤ እዚያም «የጋሽ ዓለምሰገድ ተልባ» ተብሎ ይጠራ ነበር።

ያመናቸው ዘርይሁን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከፍሎበታል። ጋሽ ዓለምሰገድ ሰፊ ባርኔጣ ገዝተው ማድረግ ጀመሩ። ሲያደርጉት መኮንን መሰልኩ ብለው ተስፋ አደረጉ፤ እታገኘሁ ግን ንብ አናቢ እንደሚመስሉ ነገረቻቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ እንደ ድሮው ማውራት ጀመሩ። በየጠረጴዛው እየዞሩ ማስረዳታቸውን ግን አልተዉም። የሚሰማቸው ሰው እየቀነሰ ሄደ፤ ስለ ተልባ ሲናገሩ እንዲያ ያዳምጣቸው የነበረ ሰው፣ ስለ ጉበት ሲጀምሩ ሰዓቱን ያያል።

ከወራት በኋላ አንድ ቅዳሜ አቢግያ የምትባል ወጣት መጣች። ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ በየመሀሉ የሚያነክስ ልጅ ናት። አባቷ የልብ ሕመም እንዳለባቸው፣ ክኒናቸውን ሊተዉ እንደሆነ፣ ተልባውን ከዋናው ሰው እጅ ይዛ እንድትመጣ እንደላኳት ነገረቻቸው። ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛለች። የክኒኑን ስም ስትነግራቸው አወቁት፤ የእሳቸው ክኒን ነው።

አስቀምጠው ሁሉንም ነገሯት። ልጅቱ ሰዓቷን አላየችም። ባርኔጣቸውን አንስተው ፊታቸውን አሳዩአት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ፈቃዳቸው። ቀለሙን ጠጋ ብላ አየችው።

«ሶ ጋሼ፣ ባባ ቢያቆም ኢመዲየትሊ አይታመምም ማለት ነው? ጥሩ ነው የሚሰማው?»

«ጥሩ ነው የሚሰማው። ክፋቱ እሱ ነው።»

አሰበች። ከዚያ ጠርሙሱን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችና አባቷ ባዶ እጇን ከተመለሰች እንደማይሰሟት፣ ተልባውን ካልያዘች ስለ ክኒኑ የምትነግራቸውንም እንደማያምኑ፣ ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ መስጠት ይቻል እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

ጋሽ ዓለምሰገድ ቁጣ ቁጣ አላቸው። ለጥቂት ወር የተናገሩት ውሸት በአንድ ቀን አገር ያዳረሰ፣ ከዚያ ወዲህ የተናገሩት እውነት ከዚህ ጠረጴዛ አልፎ የማያውቅ ሰው ናቸው። ግን ልጅቱ እስካሁን እየጠበቀቻቸው ነው፤ አባቷም ቤት ሆነው ይጠብቃሉ። ተልባ ለሆድ ድርቀት ቢጠቅም እንጂ እንደማይጎዳ ዶክተር ኦቲየኖ ራሱ ነግሯቸዋል። ጠርሙሱን አንስተው ወደ ኩሽና ሄዱ፤ ቆሉ፤ አስወቀጡ፤ በጠበጡ፤ ማሩን አልረሱም። ሞልተው፣ ክዳኑን አጥብቀው ሰጧት።

«መጀመሪያ ክኒኑን ይውጥ በይው» አሏት። «ተልባው የሚሠራው ያኔ ነው ብሎሃል ባለተልባው በይው።»